ኮራል ከሞተ በኋላ፦ የቤት ውስጥ ሪፍ እንዴት ያገግማል?

ሳሎናችን ውስጥ 200 ሊትር ውሃ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አለ። ውሃው እንደ ባሕር ጨዋማ ነው። ውስጡ ሁለት ዓሣዎች፣ ጥቂት ቀንድ አውጣዎችና ዘጠኝ ኮራሎች ይኖሩበት ነበር። «ነበር» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት ከአንድ ሳምንት ጉዞ በተመለስኩ በአምስተኛው ቀን፣ አንዱ ኮራል ላይ ቡናማ ንፍጥ የሚመስል ነገር ተጣብቆ አየሁ። በማግሥቱ የኮራሉ ግማሽ ሥጋ ረግፎ ነጭ አጽሙ ብቻ ቀረ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከዘጠኙ ስድስቱ ሞቱ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋር የምትውል የ13 ዓመት የእህቴ ልጅ አለች። ባዶውን ድንጋይ አይታ ዝም አለችና፣ «አጎቴ፣ ሱቁ እኮ ቅርብ ነው። ነገ ሄደን ሌላ አንገዛም?» አለችኝ።

«አይሆንም። ስድስት ወር እንጠብቃለን» አልኳት።

«ስድስት ወር! ለምን?»

ጥያቄዋ ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ደግሞ ስለ ገንዳ ብቻ አይደለም፤ ኮራል ምን እንደሆነ፣ በሽታ እንዴት እንደሚነሳ፣ አንድ ትንሽ ዓለም ከተናጋ በኋላ እንዴት ወደ ቦታው እንደሚመለስ የሚነግረን ነገር አለው። እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ድንጋይ የሚመስለው እንስሳ

ኮራልን ላላየው ሰው ድንጋይ ይመስላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቁርጥ አበባ ነው። ግን እንስሳ ነው፤ የጄሊፊሽ ዘመድ። አንድ ኮራል ብዙውን ጊዜ ፖሊፕ የሚባሉ በጣም ብዙ ትንንሽ እንስሳት ተያይዘው የሚኖሩበት ማኅበር ነው። እያንዳንዱ ፖሊፕ አንድ አፍ፣ በአፉ ዙሪያ ምግብ የሚይዝባቸው ጣት መሳይ ክሮች፣ ከሥር ደግሞ ከረጢት የመሰለ ሆድ አለው። ጠንካራ የሚባሉት ኮራሎች ከውሃው ውስጥ ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰዱ ከሥራቸው አጽም ይሠራሉ። ንጥረ ነገሩ የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ካልሲየም ካርቦኔት ነው።

የሚገርመው ግን ይህ እንስሳ ብቻውን አለመኖሩ ነው። በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ተከራይተው ይኖራሉ። እነሱ እንደ ተክል በብርሃን ስኳር ያመርቱና «ኪራዩን» በምግብ ይከፍላሉ። ብዙ የሞቃት ባሕር ኮራሎች ከሚያስፈልጋቸው ኃይል እስከ 90 በመቶ የሚደርሰውን የሚያገኙት ከእነዚህ አልጌዎች ነው። በኮራሉ ቆዳ ላይ ደግሞ ስስ ልጋግ አለ። በዚያ ልጋግ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ጎጂ ተሕዋስያንን የሚከላከል ነገር ያመነጫሉ። ስለዚህ «አንድ ኮራል» ስንል እንስሳውን፣ አልጌውንና ባክቴሪያውን አንድ ላይ ማለታችን ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲታወክ ሁሉም ይታወካል።

ነጭ የሆነ ሁሉ አልሞተም

ኮራላችሁ ነጭ ከሆነ መጀመሪያ አጉሊ መነጽር ይዛችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ነጭ ያደርጉታል።

አንደኛው ብሊቺንግ ይባላል። ውሃው ሲሞቅ ወይም ብርሃኑ ድንገት ሲጨምር ኮራሉ አልጌዎቹን ያጣል። ቀለሙ በአብዛኛው የእነሱ ስለነበረ ሥጋው ብርጭቆ መስሎ ያሳልፋል፤ ከሥሩ ያለው ነጭ አጽም ይታያል። ግን ፖሊፖቹ በሕይወት አሉ። ነገሩ ቶሎ ከተስተካከለ አልጌዎቹ ሊመለሱ ይችላሉ።

ሁለተኛው ሥጋው ራሱ ከአጽሙ ላይ ሲረግፍ ነው። ይህ የሕብረ ሕዋስ ሞት ነው፤ የረገፈው ቦታ መልሶ ሕይወት አይዘራም። አንዳንዴ ከሥር ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ ብሎ ይወጣል። አንዳንዴ ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ሙሉ ኮራል ይጨርሳል። የእኔን ገንዳ የመታው ዓይነት ቡናማ ጄሊ ይባላል፦ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ይወጣና ከሥሩ ያለው ሥጋ ይበሰብሳል፤ ሽታውም መጥፎ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ቡናማ ጄሊ» የሚለው ስም የምልክት ስም ነው እንጂ የመንስኤ ስም አይደለም። «ትኩሳት አለብኝ» እንደማለት ነው። ትኩሳት ከወባም፣ ከታይፎይድም፣ ከጉንፋንም ሊመጣ ይችላል። ተመራማሪዎች ቡናማውን ዝልግልግ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ሲሊየት የሚባሉ፣ ሰውነታቸው በጥቃቅን ፀጉር የተሸፈነ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ሲርመሰመሱበት ያገኛሉ። ፊላስተር የተባለው ወገን ከእነዚህ አንዱ ነው። አርኮባክተር የተባሉ ባክቴሪያዎችም በብዛት ተገኝተውበታል። ስለዚህ በመስታወት ውጪ ቆሞ «በሽታው ይኼ ነው፣ መድኃኒቱም ያ ነው» ማለት አያዋጣም።

ሦስቱ ጉልቻዎች

ታዲያ በሽታው ከየት መጣ? የበሽታ ሳይንቲስቶች ሁልጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ እንደሚቀመጠው ሁሉ በሽታም ሦስት ነገር ሲሟላለት ነው የሚቆመው፦ አጥቂ ተሕዋስ፣ ሊጠቃ የሚችል ደካማ አካል፣ እና የተናጋ አካባቢ። አንዱን ጉልቻ ብታነሱ ድስቱ ይወድቃል።

ደብተሬን ገልጬ ሳይ ሦስቱም ቁልጭ ብለው ታዩኝ። ከጉዞው በፊት አዲስ ቁራጭ ኮራል ገዝቼ፣ ለይቼ ሳላቆይ በቀጥታ ገንዳው ውስጥ ከትቼዋለሁ። አጥቂው የገባው በዚያ ሳይሆን አይቀርም። እኔ በሌለሁበት ደግሞ የውሃ ማሞቂያው ተበላሽቶ አልጠፋም ብሎ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የነበረውን ውሃ 29 አድርሶታል። የተናጋው አካባቢ ይኸው። በሙቀት የተጨነቁት ኮራሎች ደግሞ ራሳቸውን መከላከል አቅቷቸዋል። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የእኔ ነው። አዲሱን ለይቼ አቁሜው ቢሆን፣ ወይም ውሃው ሲሞቅ ማሞቂያውን የሚያጠፋ ሌላ መቆጣጠሪያ ብገጥም ኖሮ፣ ነገሩ እዚህ ባልደረሰ ነበር።

ለእህቴ ልጅ የመጀመሪያው መልስ ይኼ ነው። ጉልቻዎቹ ባሉበት አዲስ ኮራል መግዛት ያው ድስት ላይ ሌላ ሥጋ መጨመር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

በሽታው ሲታይ ሥራው ማዳን ብቻ አይደለም፤ እንዳይዛመት ማድረግም ነው።

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠብቁ። ጓንትና የዓይን መከላከያ ይደረጋል፤ እጅ ከመግባቱ በፊት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ይነቀላሉ። ፓሊቶአ የሚባሉና መሰሎቻቸው የሆኑ አንዳንድ ለስላሳ ኮራሎች ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ኃይለኛ መርዝ አላቸው። እነሱ ያሉበትን ድንጋይ ማፍላት፣ በእንፋሎት መምታት ወይም በደረቁ መፋቅ ፈጽሞ አይገባም፤ እንዲህ አድርገው ሆስፒታል የገቡ ሰዎች አሉ። ልጆች ይህን ሥራ ያለ አዋቂ አትሞክሩት።

ቀጥሎ የውሃ ማንቀሳቀሻ ፓምፖቹ ይቆማሉ። ምክንያቱም ዝልግልጉ በውሃ ሞገድ ተንሳፎ ጎረቤት ኮራል ላይ ያርፋል። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ቡናማው ነገር እየተመጠጠ ይወጣል። የሞተውና እየሞተ ያለው ይነሳል። ቅርንጫፍ ያለው ኮራል ከሆነ፣ ጤነኛ ቅርንጫፎቹ ከታመመው ራቅ ተብሎ ይቆረጣሉ።

የተረፉት ቁራጮች ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ውስጥ፣ በሌላ ዕቃ፣ ለኮራል በተዘጋጀ የአዮዲን ውህድ ለጥቂት ደቂቃ ይነከራሉ። መጠኑና ጊዜው በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ነው፤ «ትንሽ ጨመር ላድርግበት» ማለት ይገድላል። የተነከሩበት ውሃ ወደ ገንዳው አይመለስም። ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም ባሕር ውስጥም አይደፋም።

በመጨረሻ ከውሃው ሩብ ያህሉ ይለወጣል። አዲሱ ውሃ የተጣራና በባሕር ጨው የተዘጋጀ፣ ሙቀቱም ጨዋማነቱም ከገንዳው ጋር እኩል የሆነ መሆን አለበት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን፣ አንዳንዴም መዳብ ስለሚኖርበት አይሆንም። አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው ቀዳዳው የበዛ ከሰልም ይገባል፤ ከሞተው ሥጋ የወጡ ኬሚካሎችን ይመጥጣል።

የገንዳው እርሾ

ሥጋ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ ለዓሣም ለኮራልም መርዝ ነው፤ በተለይ የባሕር ውሃ አልካሊ ስለሆነ የአሞኒያው መርዛማ ክፍል ከፍ ይላል። ጤነኛ ገንዳ ይህን የሚቋቋመው በድንጋዩና በአሸዋው ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው። አንዱ ቡድን አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ናይትሬት በትንሽ መጠን ብዙም አይጎዳም።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ለገንዳ ማለት እርሾ ለሊጥ ማለት ነው። እናቶቻችን የሊጥ ዕቃውን ሙልጭ አድርገው አያጥቡትም፤ ከሥር የቀረችው እርሾ ናት የሚቀጥለውን ሊጥ የምታቦካው። ኮራል የሞተባቸው ብዙ ሰዎች ግን ተደናግጠው ድንጋዩን አውጥተው ይፍቃሉ፣ አሸዋውን ያጥባሉ፣ ውሃውን በሙሉ ይደፋሉ። ገንዳው ያምራል፤ እርሾው ግን ጠፍቷል። በሚቀጥለው ሳምንት አሞኒያው ያሻቅብና የተረፉትም ይሞታሉ።

«ታዲያ አንቲባዮቲክ አንጨምርበትም?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ገንዳው ውስጥ በጅምላ የተጨመረ አንቲባዮቲክ ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ እርሾውንም፣ በኮራሉ ልጋግ ውስጥ ያሉትን ተከላካዮችም ይገድላል። መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎችም ይፈጠራሉ። ይህ ደግሞ ለሰውም አደጋ ነው። ባለሙያዎች ሲጠቀሙበት እንኳ በሌላ ዕቃ ወይም ቁስሉ ላይ ብቻ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የሞቱት አይበሉም

አሁን እኔ ራሴ የሠራሁትን ሁለተኛ ስህተት ልንገራችሁ።

ጠንካራ ኮራል አጽሙን ሲሠራ ከውሃው ሁለት ነገር ይወስዳል፦ ካልሲየምና ካርቦኔት። የካርቦኔቱን ክምችት የምንከታተለው አልካላይኒቲ በሚባል ልኬት ነው፤ በዲኬኤች ይለካል። ኮራሎች በየቀኑ ስለሚወስዱ በየቀኑ መተካት አለበት። እኔ ለዚህ ትንሽ አውቶማቲክ ፓምፕ አለችኝ። ዘጠኙ ኮራሎች በጤና ሳሉ በቀን 1 ዲኬኤች ያህል ይጨርሱ ነበር፤ ፓምፗም ያንኑ ትተካ ነበር።

ስድስቱ ሞቱ። ፓምፗ ግን አላወቀችም። እኔም ንፍጡን በመምጠጥ ስለተጠመድኩ አልለካሁም። ከሦስት ቀን በኋላ ስለካው 8.3 የነበረው 10.7 ደርሷል። በበሽታ የተዳከሙትን ሦስት ኮራሎች እኔው በኬሚካል እያጣደፍኳቸው ነበር ማለት ነው። የሞቱት አይበሉም፤ ሳህኑን ግን እንደ ድሮው እየሞላሁ ነበር። ፓምፗን አጥፍቼ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ተውኩት። አልካላይኒቲ ሲስተካከል በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ ባይቀየር ይመረጣል፤ ድንገተኛ ለውጥ ከስህተቱ ራሱ የባሰ ሊጎዳ ይችላል።

ይህ ስህተት ግን አንድ ጥሩ ነገር አስተማረኝ። ፓምፗን ባጠፋሁ ጊዜ ገንዳው በቀን የሚጨርሰው 0.2 ዲኬኤች ብቻ ነበር። ይህ ቁጥር የገንዳው የልብ ትርታ ነው። ኮራሎቹ አጽም መሥራት ሲጀምሩ ከፍ ይላል፤ ሲታመሙ ይወርዳል። ዓይን ከማየቱ በፊት ቁጥሩ ይናገራል። እናም ከእህቴ ልጅ ጋር ስምምነት አደረግን፦ አዲስ ኮራል የሚገዛው እኛ ስንጓጓ ሳይሆን ቁጥሩ ሲፈቅድልን ነው።

አንድ ደብተር ሰጠኋት። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ትለካለች፣ እሷ ትጽፋለች። ግባችን እንዲህ ነበር፦

ሙቀት፦ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ
ጨዋማነት፦ በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ ውስጥ 35 ግራም ጨው
አሞኒያና ናይትራይት፦ ዜሮ
ናይትሬት፦ በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊ ግራም
ፎስፌት፦ በሊትር ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም
አልካላይኒቲ፦ ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች
ካልሲየም፦ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም
ማግኒዥየም፦ በሊትር ከ1250 እስከ 1350 ሚሊ ግራም

«ናይትሬትና ፎስፌት ቆሻሻ አይደሉም እንዴ? ለምን ዜሮ አናደርጋቸውም?» ብላ ጠየቀችኝ። ጎበዝ። ሲበዙ ጎጂ ናቸው፤ ፈጽሞ ሲጠፉ ግን በኮራሉ ውስጥ ያሉት አልጌዎች ይራባሉ፣ በባዶው ቦታም መጥፎ ተሕዋስያን ይበቅላሉ። ከዝርዝሩ በላይ ዋናው ነገር ደግሞ አለመዋዠቅ ነው። 8 ላይ የረጋ አልካላይኒቲ፣ ዛሬ 9 ነገ 7.5 ከሚል ይሻላል።

አስቀያሚዎቹ ወራት

ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ገንዳው ይበልጥ አስጠላ። የሞቱት ኮራሎች አጽም መጀመሪያ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ለበሰ፤ ከዚያ ረዥም አረንጓዴ ፀጉር አበቀለ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ግን የሚጠበቅ ነገር ነው፦ ባዶ ቦታና የተረፈ ምግብ ካለ ቀድሞ የሚደርሰው አልጌ ነው።

በባሕርም እንዲሁ ነው። በ1983 እና በ1984 በካሪቢያን ባሕር ዲያደማ የሚባለው ረጅም እሾህ ያለው የባሕር ጃርት በወረርሽኝ ከ90 በመቶ በላይ አለቀ። ይህ ጃርት ሥራው አልጌ መጋጥ ነበር። እሱ ሲጠፋ እንደ ጃማይካ ባሉ ቦታዎች ሪፎቹ በአልጌ ተሸፈኑ፤ ትንንሽ ኮራሎች የሚያርፉበት ባዶ ድንጋይ አጡ። በ2022 እዚያው ካሪቢያን ሌላ ወረርሽኝ ተነሳ። በ2023 ተመራማሪዎች ገዳዩን ለዩት፦ የፊላስተር ዘመድ የሆነ ሲሊየት ነው። አዎ፣ በእኔ ገንዳ ቡናማ ጄሊ ውስጥ ይኖራሉ ካልኳችሁ ፍጥረታት ወገን! በዚያው ዓመት ደግሞ ከእኛው ቀይ ባሕር፣ ከኤይላት አካባቢ፣ ሌላው የዲያደማ ዝርያ በተመሳሳይ ሁኔታ ማለቁ ተሰማ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ኮራል የሚመለሰው አልጌውን የሚግጥ ካለ ነው። እኛም ቀንድ አውጣዎቹን ጨመርን፤ ፀጉሩን በእጅ እየነቀልን አወጣን፤ ለዓሣዎቹ የምንሰጠውን ምግብ ቀነስን፤ በየሳምንቱ ከውሃው አንድ አሥረኛ ያህል ለወጥን። አልጌ የሚያጠፋ ኬሚካል ግን አልጨመርንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ገንዳ ላይ ያፈሰሱትን ደግሞ መልቀምም አይቻልም።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ አረንጓዴው ፀጉር ሳሳ። በአራተኛው ወር በድንጋዩ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣቦች ታዩ። እነዚህ ኮራላይን የሚባሉ፣ እንደ ኮራል ኖራ የሚሠሩ ጠንካራ አልጌዎች ናቸው። ጥሩ ምልክት ነው። ደብተሩ ላይ ደግሞ የልብ ትርታው 0.2 የነበረው 0.3፣ ከዚያ 0.4 ሆነ።

ከተረፈው ማብዛት

ሦስት ኮራሎች ተርፈዋል፦ አንድ እንጉዳይ የሚመስል፣ አንድ ለስላሳ ሌዘር ኮራል፣ እና ሞንቲፖራ የሚባል ቅጠል ቅርጽ ያለው ጠንካራ ኮራል። በአምስተኛው ወር ሞንቲፖራው በዳር በዳሩ አዲስ ነጭ ጠርዝ አወጣ። ይህ ነጭ የበሽታ ሳይሆን የእድገት ነው፤ አጽሙ ቀድሞ ሲሠራ አልጌዎቹ ገና አልደረሱበትም። ልዩነቱ እንዴት ይታወቃል? የእድገት ነጭ ጫፍ ላይ ብቻ ያለ፣ ቀጭንና ንጹሕ መስመር ነው። የበሽታው ከሥር ወይም ከመሃል ተነስቶ በየቀኑ ይሰፋል።

ያኔ ከእሱ ሦስት ትንንሽ ቁራጮች ሰበርን፤ በሱፐር ግሉ ጄል ትንንሽ የሴራሚክ መቀመጫ ላይ አጣበቅናቸው። ሸንኮራ አገዳ ተቆርጦ እንደሚተከለው ማለት ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ ያድጋል። በፍሎሪዳ የሞውት የባሕር ላቦራቶሪ ባልደረባ የነበረው ዴቪድ ቮን ኮራል በድንገት ተሰብሮበት፣ በጣም ትንንሽ የሆኑት ቁራጮች ካሰበው በላይ በፍጥነት ሲያድጉ አስተውሏል። ዛሬ ይህ ዘዴ ሪፍ ለመጠገን ይውላል።

ግን አንድ ድክመት አለው። ቁራጮቹ በዘር አንድ ናቸው። እናትየውን የሚገድል በሽታ ሁሉንም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ማብዛቱ ብቻ አይበቃም፤ ልዩ ልዩ ዘር ያስፈልጋል። አዲስ ኮራል መግዛት ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ሲገዛ ደግሞ ለይቶ ማቆያ ግዴታ ነው።

በኮሮና ዘመን ለይቶ ማቆያ ምን እንደሆነ ሁላችንም ተምረናል። ለኮራልም ያው ነው፦ የራሱ ማሞቂያ፣ የራሱ መብራት፣ የራሱ ቱቦና መቀስ ያለው ትንሽ ገንዳ። አዲሱ ኮራል ተነክሮ ይገባል፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል፤ በየቀኑ ይታያል። እጃችሁን ስታስገቡ መጀመሪያ ጤነኛው ገንዳ፣ ቀጥሎ ማቆያው። ተገላቢጦሹ በሽታን በገዛ እጅ መሸከም ነው።

ከሳሎን እስከ ፍሎሪዳ

ይህን ሁሉ ለ200 ሊትር ውሃ? ትሉ ይሆናል። አሁን ደግሞ ነገሩን አግዝፋችሁ አስቡት።

በ2014 ማያሚ አጠገብ የፍሎሪዳ ሪፍ ላይ አዲስ በሽታ ታየ። የጠንካራ ኮራሎችን ሥጋ የሚያረግፍ ነው። ከ20 በላይ ዝርያዎችን ያጠቃል፤ ወደ ብዙ የካሪቢያን አገሮችም ተዛምቷል። ጠላቂዎች አሞክሲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ በወፍራም ቅባት ለውሰው በየኮራሉ ቁስል ጠርዝ ላይ በእጃቸው ይቀቡታል። ባሕሩ ውስጥ አይበትኑትም። ቁስሉ ላይ ብቻ ያልኩት ይኼንን ነው። ቅባቱ የብዙ ኮራሎችን ቁስል ቢያቆምም፣ አዲስ ቁስል እንዳይወጣ አያደርግም።

ሌላም ነገር አደረጉ። በሽታው ካልደረሰባቸው ቦታዎች ጤነኛ ኮራሎችን ሰብስበው በአሜሪካ በየቦታው ወዳሉ የሕዝብ አኳሪየሞች ወሰዱ፤ ኦርላንዶ ውስጥም ለዚሁ ብቻ የሚሆን ማዕከል ተከፈተ። በ2019 የፍሎሪዳ አኳሪየም ባለሙያዎች ምሰሶ የሚመስለውን ኮራል በቤት ውስጥ ገንዳ እንቁላል እንዲጥል አደረጉ። ይህ ዝርያ ዛሬ በፍሎሪዳ ባሕር ውስጥ ጠፍቷል ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ላይ ነው። ነገ ወደ ባሕሩ የሚመለሰው፣ ከተመለሰ፣ ከገንዳ ነው።

እነሱ የሚሠሩትና እኛ ሳሎን ውስጥ የሠራነው በመጠን እንጂ በሐሳብ አይለያይም፦ የታመመውን ለይ፣ የተረፈውን ጠብቅ፣ ውሃውን አርጋ፣ ከተረፈው አብዛ፣ አዲሱን ፈትሸህ አስገባ። ባሕር ውስጥ ግን የተበላሸ ማሞቂያ ነቅሎ መጣል አይቻልም። ሪፎች ከባሕር ወለል 1 በመቶ እንኳ ሳይሸፍኑ ከባሕር ፍጥረታት ዝርያ ሩብ ያህሉን ያኖራሉ። የሚሞቀው ባሕር የእነሱ ሁለተኛ ጉልቻ ነው፤ ያንን የማንሳት ሥራ የሁላችንም ነው።

በስድስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ለካች፣ ጻፈች፣ ከዚያ ደብተሩን ወደ እኔ አዞረችው። 0.5 ይላል። «ቁጥሩ ፈቀደ» አለችኝ።

ሱቅ ሄድን። ሦስት ይገዛል ብዬ ነበር። እሷ ግን አንድ ብቻ መረጠች፤ ከሥሩ አገላብጣ፣ በአጉሊ መነጽር አይታ። ቤት ስንደርስ ወደ ትልቁ ገንዳ ልወስደው ስል ከእጄ ተቀበለችኝና ወደ ማቆያው ሄደች።